የሳባ የክርስትና ስም

ፈንታነሽ የሳባን መታመም የሰማችው ቢቸና ውስጥ፣ እትዬ ስንዱ አልጋ ቤት፣ ያልተነጠፈ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ነው። ሰማች ይባል እንጂ የነገራት ሰው የለም፤ ያነበበችው ነው።

ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው ነበር። ፈንታነሽ ያን ጊዜ አርባን ተሻግራለች። ትምህርቷን ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጠችው እናቷን ለማስታመም ነው። እናቷ ዳነች፤ ትምህርቱ ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ አንሶላ መግፈፍ፣ ማጠብ፣ ማስጣትና ማንጠፍ ሆነ። ማጉረምረሙንም ከተወችው ቆይታለች፤ ጉልበት ይፈጃል።

አንድ ማለዳ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ ተማሪ ትራሱ ሥር ሁለት መጻሕፍት ረስቶ ሄደ። አንዱ «ሳባ ባሕር ማዶ» ይላል፤ ሌላው ያው ሆኖ «ቁጥር ሁለት» ተብሎበታል። እትዬ ስንዱ «ይመለስ ይሆናል፣ አስቀምጪለት» አሏት። አስቀመጠችለት፤ ከማስቀመጧ በፊት ግን ገለጥ አደረገችው።

ሳባ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የሞጣ ልጅ ናት። የትምህርት ዕድል አግኝታ ኖርዌይ ሄዳለች። እዚያ በደረሰች ዕለት፣ አልጋው ላይ ያለው ወፍራም ብርድ ልብስ ለጌጥ የተነጠፈ መስሏት ከላዩ ተኝታ ስትንቀጠቀጥ አደረች። ፈንታነሽ እዚህች ላይ ስትደርስ ብቻዋን ሳቀች። ስንቱን የገጠር እንግዳ እንዲሁ ከላይ ተጋድሞ አግኝታዋለች! ከዚያች ገጽ በኋላ ሳባ የእሷ ልጅ ሆነች።

«ፈንታነሽ! ሦስት ቁጥርን አነጠፍሽው ወይስ አነበብሽው?» ይሏታል እትዬ ስንዱ ከግቢ።

«እያነጠፍኩ ነው እትዬ!»

«ገጹን ስትገልጪ እዚህ ይሰማል እኮ!»

ሁለተኛው መጽሐፍ ያለቀው ክፉ ቦታ ላይ ነው። ሳባ የሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ተኝታለች። ፈተናው ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ካልተፈተነች ወደ አገሯ ይመልሷታል። ለእናቷ ደግሞ «ደህና ነኝ» ብላ ጽፋለች። ሐኪሙ በሩን ዘጋው፤ መጽሐፉም አለቀ። ፈንታነሽ የመጨረሻዋን ወረቀት ገልብጣ አየቻት፤ ባዶ ናት።

ሁለት ቀን እህል አልዋጥላት አለ። በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባቷን ቄስ ገብረ ክርስቶስን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠብቃ ያዘቻቸው።

«አባቴ፣ በጸሎት የሚያስቡልኝ የታመመች ልጅ አለች። ሰው አገር ናት።»

«እግዚአብሔር ይማራት። የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

«ሳባ ነው የምትባል።»

«እሱ የዓለም ስሟ ነው። እኔ የምጠራት በክርስትና ስሟ ነው፤ ጠይቀሽ ንገሪኝ።»

ማንን ትጠይቅ? ሁለቱን መጻሕፍት እንደገና ፈተሸቻቸው። የምትወደው ምግብ፣ የጫማ ቁጥሯ ሳይቀር ተጽፏል፤ የክርስትና ስሟ ግን የለም። ሞጣ ሄዳ እናቲቱን አፈላልጋ ልትጠይቅ፣ በዚያውም መታመሟን ልትነግር ስታስብ፣ ሽፋኑ ላይ ከርዕሱ ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈ አየች፤ «ልብ ወለድ» ይላል። አካለ ወልድ፣ ኃይለ ወልድ እንደሚባለው መሆኑ ነው። ወልድ ለማለት ወለድ ያለው አታሚው ተሳስቶ ይሆናል። ያጠበችውን አንሶላ እንኳ ሳታሰጣ ገሰገሰች።

«አገኘሁት አባቴ! ልብ ወልድ ነው!»

«ለሴት ልጅ? ደግሞ እንዲህ ያለ ስም ያወጣ ቄስ የት ያለ ነው? እስቲ አሳዪኝ።»

ቄሱ መጽሐፉን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አነበቡት። መጀመሪያ ጢማቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው፤ በኋላማ ጥምጣማቸውን በእጃቸው ያዙት።

«አንቺ ፈንታነሽ! ይህ እኮ ስም አይደለም። ልብ ወለድ ማለት ደራሲው ከልቡ ያመነጨው ታሪክ ማለት ነው። ልጅቱ የለችም።»

«ሞተች?» አለች ፈንታነሽ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና።

«ኧረ አልሞተችም! ድሮውንም አልተወለደችም።»

ፈንታነሽ እጇን ከአፏ ላይ አወረደች። «እንግዲያው አልታመመችማ?»

«አልታመመችም።»

«ተመስገን።» ትንሽ አሰብ አድርጋ ግን፣ «ትምህርቱንም አልሄደችም ማለት ነው?» አለች።

የቄሱ ሳቅ ጠፋ። «አልሄደችም ልጄ።»

ወደ አልጋ ቤቱ ስትመለስ ያሳዘናት መሳቂያ መሆኗ አልነበረም። ከዚህ ከኛው አገር አንዲቷ እንኳ ደርሳለች ብላ ደስ ብሏት ነበር። ያን ሳምንት እርጥቡ አንሶላ ሁሉ ከወትሮው ከበዳት። እንዲያም ሆኖ ሐኪሙ የዘጋው በር ከሐሳቧ አልወጣም። የፈጠራ ወሬስ ቢሆን መጨረሻ የለውም?

ቅዳሜ እትዬ ስንዱን አስፈቅዳ ሞጣ ሄደች። መናኸሪያው አጠገብ ላስቲክ አንጥፎ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው አገኘች።

«ሳባ ባሕር ማዶ፣ ቁጥር ሦስት አለህ?»

«አለ እህቴ። ለልጅሽ ነው?»

«ለራሴ ነው።»

«ይሄ እኮ የተማሪ ልጆች ነው።»

«እኔስ ከአምስተኛ ክፍል መች ወጣሁ? ስጠኝ።»

አውቶቡሱ ሞጣን ሳይለቅ ማንበብ ጀመረች፤ ቢቸና ሲገባ ጨርሳዋለች።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ከሩቅ አይተዋት ፈገግ አሉ። ፈንታነሽ ቀጥ ብላ ሄዳ መስቀል ተሳለመችና ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«ተሽሏታል አባቴ። ፈተናውንም ደረሰችበት። ሁለተኛ ወጣች።»

«ተመስገን!» ብለው ቄሱ አማተቡ። ወዲያው የሆነው ገብቷቸው እጃቸው ደረታቸው ላይ ቀረ።

«ምነው አባቴ?»

«ምንም» አሉ፣ ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንደኝነቱን ማን ነው የወሰደባት?»