ያልተከፈተው ዛጎል

የውሃን ነገር ያስተማረኝ ሰው የለም። ትምህርት ቤት የረገጥኩት ለጥቂት ዓመታት ነው፤ የቀረውን በራሴ አንብቤ ጨረስኩት። እዚህ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ባለችው በብሌንደን ታውንሺፕ ስለ ኩሬ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሐበሻ ካለ ይምጣና እንተያይ።

ጎረቤቴ የባሕር ዳር ልጅ ነው። ሟች ሚስቱ ጓሯቸው ባለው ኩሬ ውስጥ መስል የሚባሉ፣ ባለሁለት ክዳን ዛጎል ፍጥረቶች አኑራ ነበር። ውሃውን እየማጉ ያጠሩታል። እሷ ካረፈች ወዲህ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ኩሬው ዳር ቆሞ እንደ ሰው ደህና አደራችሁ ይላቸዋል። "ከእሷ እጅ የቀረኝ ነፍስ ያለው ነገር እነሱ ብቻ ናቸው" ይለኝ ነበር።

አንድ በጋ ኩሬው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት መሰለ። ስደርስ ጎረቤቴ እስከ ጉልበቱ ገብቶ በመንሽ ይዝቃል።

"ጋሼ፣ እምቦጭ ወረረኝ!"

ሳቅሁበት። "ጣናን ኦሃዮ ድረስ አዝለህ መጣህ? እምቦጭ ሥርና ቅጠል አለው። ይሄ አልጌ ነው፣ መርዛም ነው፣ መስሎችህም እየጠጡት ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"አየር የሚነፋ ፓምፕ አስገባ። መድኃኒት እንዳትደፋ! አልጌው ባንዴ ሞቶ ሲበሰብስ ትንፋሽ ያሳጣቸዋል።"

አልሰማኝም። የአልጌ ማጥፊያ ገዝቶ ደፋ። ውሃው ጠራለት፤ መስሎቹ ግን አፋቸውን ከፍተው ሸተቱ።

"ሚስትህን ሁለተኛ ቀበርካት" አልኩት። እውነት ነው፤ ምን ያስደብቀኛል?

ጭቃውን ሲዳብስ ግጥም ብሎ የተዘጋ አንድ አገኘ። "ይሄኛው አለ! የሞተ ይከፈታል ብለውኝ የለም እንዴ ጋሼ?"

"ጭቃ የሞላው ሬሳም ይዘጋል።" ከእጁ ወሰድኩና በሰንጢዬ ጅማቱን ቆርጬ ከፈትኩት።

ጭቃ የለውም። ነጩ ሥጋ ስለቱን ሸሽቶ ተኮማተረ።

"በሕይወት ነበር" አለ ድምፁ ሰልሎ።

"ቢሆንም አይሰነብትም ነበር።" በዚህ ዛሬም አልተሳሳትኩም፤ ውሃ የከፋበት መስል አፉን ዘግቶ በረሃብ ያልቃል።

ዛጎሉን ከእጄ ነጥቆ ሁለቱን ክዳን በመዳፎቹ መሃል ይዞ ይጫን ጀመር። ሲለቀው ይከፈታል። እንደገና ይጫነዋል።

"ጅማቱ ከተቆረጠ አይዘጋም" አልኩት። ይህንንም ማንም አላስተማረኝም።