ሬዲዮ ዝም ያለችበት ደቂቃ

ባለቤቴን ሰፈሩ የሚጠራት «ሬዲዮ» እያለ ነው። ስሙን ያወጡላት የፀጉር ቤቷ ደንበኞች ናቸው፤ እኔ የለሁበትም። ለእኔ ቢተውት ኖሮ ሌላ ስም እፈልግላት ነበር፤ ሬዲዮ እኮ መዝጊያ አለው።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፀጉር ሠርታለች። ደንበኛዋ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ገብታ ጆሮዋ በሙቅ አየር ሲጮህ ሌላ ሰው ቢሆን አፉን ያሳርፍ ነበር፤ የእኔዋ ግን ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። ስለ ቲማቲም ታወራለች፣ ስለ ጎረቤት ድመት ታወራለች፣ ስለ እኔ ማንኮራፋት ታወራለች። መንገድ ላይ ፈገግ ብለው ሰላም የሚሉኝ ሴቶች ስለ ማንኮራፋቴ ከእኔ በላይ እንደሚያውቁ ፊታቸው ላይ አነባለሁ። በክፋት አይደለም። ፀጥ ያለ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አትችልም፤ ለምን እንደማትችል እኔም ያወቅኩት በቅርቡ ነው።

ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን እራት ላይ «ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው፤ ሚድዋይፍ ልሆን» አለች። እናቴ ያን ቀን እኛ ቤት ነበረች። እኔ «ጥሩ ነው፤ ሕፃኑ ወሬሽን ለመስማት ቸኩሎ ይወጣል» አልኩ። እናቴ ማንኪያዋን ሳታስቀምጥ «ወይ ደግሞ ሰምቶ ይመለሳል» አለች። ከሁላችንም በላይ የሳቀችው ራሷ ናት። በማግስቱ ግን ለመግቢያ ፈተና የሚሆኑ አሮጌ የትምህርት መጻሕፍት ተሸክማ መጣች፤ ያኔ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ።

ፈተናውን አልፋ ገባች። ፀጉር ቤቱን ቅዳሜና እሁድ ብቻ መክፈት ጀመረች። የክፍሏ ልጆች ገና አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ቢሆናቸው ነው፤ «ማዘር» ይሏታል። መጀመሪያ ተናደደች። ለማዘርነቷ የፊት ወንበር እንደሚለቁላት ስታይ ግን ወደደችው።

መከራው የወረደው በእኔ ላይ ነው። እኔ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ማጠቢያ ሥር ተጣጥፌ ውዬ ስገባ ሶፋው ላይ መጋደም ያምረኛል። እኛ ቤት ግን ተጋደምኩ ማለት አረገዝኩ ማለት ነው። ትራስ ሸሚዜ ውስጥ ትከትና በሁለት እጇ እየዳሰሰች «ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው፣ ጀርባው በግራ በኩል ነው» ትላለች። በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳረገዝኩ ፈጣሪ ይወቀው፤ አንድ ቀን ግን «ምን አማረህ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። የሰባት ዓመቷ ልጃችንም ብትሆን አሻንጉሊቷን አጥታለች ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ከንፈሯን ጥላ መጥታ «አባዬ፣ አሻንጉሊቴ ስንቴ ነው የምትወለደው?» አለችኝ። ምን ልበላት? እኔም በዚያው ሰዓት የሰባት ወር ነበርኩ።

ነገሩ ሁሉ እንዲህ በሳቅ ሄዶ ሄዶ የመጨረሻው ዓመት የተግባር ፈተና ላይ ቆመ። ያን ቀን ወደ ቤት ገባች፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ተቀመጠች፣ ዝም አለች። ክው አልኩ። ሰው የሞተ መስሎኝ «ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እኔ ነኝ። ወደቅኩ» አለች።

አስተማሪዋን ተማሪው ሁሉ «ሲስተር» ይላቸዋል፤ ጡረታቸው የደረሰ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። ከሚያስተምሩት ሁሉ አጥብቀው የሚይዙት የፅንስን ልብ ማዳመጥን ነው። መሣሪያው ከእንጨት የተሠራ፣ ትንሽ ጥሩንባ የሚመስል ነገር ነው። አንደኛው ጫፍ የእናቲቱ ሆድ ላይ ያርፋል፣ ሌላኛው የአዋላጇ ጆሮ ላይ፤ ከዚያ ሰዓት እያዩ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ነው። አንድ ደቂቃ ማለት ስድሳ ሰከንድ ነው። ባለቤቴ አርባ ላይ ስትደርስ ጆሮዋን አንስታ እናቲቱን «ስንተኛ ልጅሽ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ የቀረውን በሐሳቧ ሞልታ «መቶ አርባ» ብላ ጻፈች። ሲስተር ራሳቸው ሲያዳምጡ መቶ ሃያ ስምንት ሆነ።

«እጅሽ ወርቅ ነው፤ ጆሮሽ ግን ገና ሥራ አልጀመረም» አሏት። «የጻፍሽው የገመትሽውን እንጂ የሰማሽውን አይደለም። በዚህ ሥራ ግምት ሰው ይገድላል።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ እንድትፈተን ተፈቀደላት። ያኔም ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች ማለት ነው። እሷ ደግሞ «አልደግምም። ከወደቅኩ እተወዋለሁ፤ ወደ ካስኬ እመለሳለሁ» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። አውቃታለሁ፤ ወሬዋ ብዙ ነው እንጂ ቃሏ አንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። የወጥ ቤታችን ቧንቧ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንጠባጥብ ነበር። አትሳቁ። የሰው ቧንቧ ሲጠግን የዋለ ሰው ቤቱ ገብቶ መፍቻ ማየት አይፈልግም። እሷ በየሳምንቱ ትነግረኛለች፣ እኔ በየሳምንቱ «ነገ» እላለሁ። ከወደቀች በኋላ ግን ያ ቧንቧ ሥራ አገኘ። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ትቀመጥና ሰዓቷን ይዛ ጠብታውን ትቆጥራለች፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ ቃል ሳትተነፍስ። ዳኛዋ ልጃችን ነበረች። እናቷ አፏን በከፈተች ቁጥር ደብተሯ ላይ አንድ ጭረት ታሰፍራለች። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ሁለት ጭረት ተመዘገበ፤ የመጨረሻው እናቲቱ «በዛ እኮ!» ብላ ስትከራከር የተጨመረ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ጭረቱ ሦስትና አራት ላይ ወረደ። የምትሰናከልበት ቦታ ግን ምንጊዜም አንድ ነው። ሃያ ላይ ደህና ናት፣ ሠላሳ ላይ ደህና ናት፣ አርባ ላይ አፏ በራሱ ይከፈታል። «ሽንኩርት አለ?» ትላለች። «በሩን ዘግታችኋል?» ትላለች። እኔና ልጄ ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን።

ፈተናው ሰኞ ሊሆን፣ ቅዳሜ ዕለት እሷ ፀጉር ቤት እያለች፣ ደስ ላሰኛት ብዬ ቧንቧውን ጠገንኩት። ያረጀችውን ጎማ አውጥቼ አዲስ አስገባሁ። የፈጀብኝ አምስት ደቂቃ ነው፤ ይህቺን ለማንም አትንገሩብኝ። ከሰዓት በኋላ መጣች፣ ወንበሯን ሳበች፣ ሰዓቷን ይዛ ጠበቀች። ቧንቧው ጭጭ።

«ምን አደረግከው?»

«ሠራሁት!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ሁለት ዓመት ለምኜህ እምቢ ብለህ፣ ዛሬ? አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም?»

ዳኛችን ደብተሯን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ሸሸች። እኔ መልሼ ላበላሸው ተነሳሁ፤ እውነቴን ነው፣ መፍቻውን አንስቼ ነበር። እሷ ግን የእንጨት ማዳመጫዋን ከቦርሳዋ አወጣችና «ተወው። ተኛ» አለችኝ።

ተኛሁ። በዚህ ጊዜ ትራስ አልነበረም። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች። እኔ የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ። ሃያ፤ ሠላሳ፤ አርባ።

«ቲማቲም ገዝተሃል?»

ሳቄ አመለጠኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ አርባ ላይ ምን አለብሽ? ምን ሆነሽ ነው ሁልጊዜ አርባ?»

አልሳቀችም። ማዳመጫውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ያኔ አርባ ላይ ነው ያነሳችው» አለች።

ወዲያው ገባኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ይቺ ልጃችን ሳትመጣ፣ የመጀመሪያው እርግዝናችን ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው የሕፃኑ እንቅስቃሴ ጠፋባትና ሐኪም ቤት ሄድን። እሷ አልጋው ላይ ተኛች፣ እኔ ጫማዋን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። አዋላጇ እያወራች ገባች፣ እያወራች ማዳመጫውን አስቀመጠች፣ ከዚያ ዝም አለች። አንስታ ሌላ ቦታ አስቀመጠች፤ ዝም። ሌላ ቦታ፤ ዝም። «መጣሁ» ብላ ወጣች። ዶክተር እስኪመጣ ድረስ ምንም የነገረን ሰው የለም። ሕፃኑ ሆዷ ውስጥ ሞቶ ነበር።

«ከበሩ በላይ ሰዓት ነበር» አለች ባለቤቴ። «እያየሁት ነበር። አርባ ሰከንድ ዝም ብላ ቆይታ አነሳችው። ያኔ ገባኝ። አሁን እኔ ማዳመጫውን የሌላ ሴት ሆድ ላይ ሳደርግ፣ ሴትዮዋ ጣራ ጣራውን ስታይ አርባ ላይ እደርስና… አልችልም። እያስፈራኋት ነው እላለሁ። አንድ ነገር ልበላት እላለሁ።»

ስለ ድመትም ስለ ቲማቲምም ስታወራ የምትውል ሴት ስለዚያ ቀን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር። እኔም ጠይቄያት አላውቅም። አፈርኩ። በየሳምንቱ «ነገ» የምለው ቧንቧውን ብቻ አልነበረም።

የሚያጽናና ነገር መናገር አልችልበትም፤ ስለዚህ የማውቀውን ነገርኳት። «እኔ የሰው ቤት ገብቼ ውሃው የት እንደሚፈስ ለማወቅ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ስለጥፍ፣ ባለቤቶቹ ቤቱ ሊፈርስ ነው ብለው ይደነግጣሉ። ስለዚህ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ‹አሁን ዝም የምለው ለማዳመጥ ነው፤ ስጨርስ እነግራችኋለሁ› እላቸዋለሁ። ከዚያ እነሱም አብረውኝ ዝም ይላሉ።»

አፍጥጣ አየችኝ። «የሰውን ሆድ ከቧንቧ ጋር ታወዳድራለህ?» አለችና በሶፋው ትራስ መታችኝ። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

የሰኞውን ፈተና አራት ጊዜ ነግራኛለች፤ አራቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ አምኜያታለሁ። የደረሰቻት የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ወጣት ናት። የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ ይዛለች። አጠገቧ ባሏ ቆሟል፤ ጫማዋን ይዟል። ሲስተር የፈተናውን መመዘኛ ወረቀት ይዘው ከኋላ ቆሙ። ባለቤቴ ሆዷን ዳሰሰች፣ የሕፃኑን ጀርባ አገኘች፣ ማዳመጫውን አስቀመጠች። ጆሮዋን ከማስጠጋቷ በፊት ግን ቀና አለች።

«የኔ እናት፣ አሁን አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም እላለሁ። ዝም የምለው እየቆጠርኩ ስለሆነ ነው፤ ክፉ ነገር ሰምቼ አይደለም። ደቂቃው ሲያልቅ የሰማሁትን እነግርሻለሁ።» ከዚያ ወደ ባልየው ዞር ብላ «አንተም አትደንግጥ፣ እሺ?» አለችው።

ሃያ፤ ሠላሳ። አርባ ላይ አፏ ሊከፈት ደርሶ እንደነበር ነገረችኝ። ልቡ ግን ጆሮዋ ውስጥ ይመታል፤ እሱን ትታ የት ትሄዳለች? ሃምሳ፤ ስድሳ።

«መቶ ሠላሳ ስድስት» አለች። «ጎበዝ ልጅ ነው፤ ደህና ነው።»

ወጣቷ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀችና «እኔም አብሬሽ ስቆጥር ነበር» አለች። ሲስተር አጎንብሰው ራሳቸው አዳመጡ፤ እሳቸውም መቶ ሠላሳ ስድስት አገኙ። ወረቀታቸውን ከላይ እስከ ታች አይተው «መጀመሪያ ያልሻት ነገር እዚህ ላይ የለችም። ከየት አመጣሻት?» አሏት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚህ ጥያቄ ግማሽ ቀን የማይበቃት ሴት «ከአንድ ቧንቧ ሠራተኛ» አለች፤ በቃ። ሲስተር በወረቀቱ ግርጌ በእጃቸው ጻፏት። አሁን ተማሪዎቻቸው ሁሉ ያንን ቃል ሳይናገሩ ማዳመጫ እንዲያስቀምጡ አይፈቅዱም አሉ። ይህን ለእያንዳንዱ ደንበኛዬ መንገሬ አይቀርም፤ ወሬኛነት ተላላፊ ነው።

ያን ቀን ማለፏን ከደጅ ጀምራ እየጮኸች ገባች። ልጃችን ዘለለች፣ እናቴ ተደወለላት። ከዚያ ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብታ ያቺን ወንበር ሳበች፤ ከማያንጠባጥበው ቧንቧ ፊት ለፊት ተቀመጠችና ጠራችኝ።

«አሁን ትንሽ ዝም እላለሁ» አለች። «አትደንግጥ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። አርባን አለፈች። ስድሳን አለፈች። እኔም ቃል አልተነፈስኩም።

«ስም አውጥቼለት ነበር» አለች በመጨረሻ።

ስሙን ነገረችኝ። ለእናንተ አልነግራችሁም፤ እሱ የሁለታችን ነው። ከዚያ ማውራት ጀመረች፤ ምን ልታስተምረው አስባ እንደነበር፣ ፀጉሩ የማን እንደሚሆን፣ ማንኮራፋቱ ግን የእኔ እንደሚሆን። እራት እስኪቀርብ አላቆመችም፤ እኔም አላቋረጥኳትም።