ሽማግሌውን ውሰድልኝ

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ከአባቴ ጋር ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር ነበር የምኖረው። ታናሽ ወንድሜ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ሳን ሆዜ ነው። እኔ የኦክላንዱ ቤዝቦል ቡድን ደጋፊ ነኝ፤ እሱ የሳን ፍራንሲስኮው። እሑድ እሑድ በስልክ ስንነታረክ እንውላለን። ተጫዋች ስንሸጥና ስንለውጥ የሰማን ሰው የቡድኖቹ ባለቤቶች እኛ ነን ሊል ይችላል።

የእኔ ቡድን ኳስ በዱላ የሚመታ አንድ አንጋፋ መቺ ነበረው። ደሞዙ ጣሪያ የነካ፣ ጉልበቱ ያለቀ። አርባ እንኳ አልሞላውም፤ እኛ ግን «ሽማግሌው» ነበር የምንለው። በወንድሜ ቡድን ደግሞ የምመኛቸው ሁለት ወጣት ኳስ ወርዋሪዎች ነበሩ።

አንድ እሑድ ወጥ እያማሰልኩ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ገበያውን ከፈትኩት።

«ስማ፣ ትሬድ እናድርግ፣ እንለዋወጥ። ሽማግሌውን ውሰድልኝና ሁለቱን ልጆች ስጠኝ።»

«በዚያ ጉልበቱ? ምን ይሠራልኛል?»

«ምን ቸገረህ፣ አታሩጠው! ቁጭ ብሎ ይዋል። ዓይኑ ገና ደህና ነው። እኔን የገደለኝ ወጪው ነው። ደግሞ ቢበዛ አንድ ዓመት ቢቆይህ ነው።»

ወንድሜ እንደ ልማዱ «ላስብበት» አለና ዘጋ። አባቴ ሳሎን እንደተቀመጡ፣ በሩም ክፍት እንደሆነ ልብ አላልኩም።

ምሳ ደርሷል ልላቸው ስወጣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል።

«ወዴት ነው አባዬ?»

«ሳን ሆዜ ነዋ። ተስማማችሁ አይደል?» አሉኝ። «እኔስ እሄዳለሁ። ሁለቱን ልጆች ግን ከእናታቸው ነጥለሽ ምን ልታደርጊያቸው ነው?»

መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ነገሩ ሲገለጥልኝ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። የሚያማቸውን ጉልበት በሁለት እጃቸው ሸፍነውታል፣ እንዳላይባቸው። ያን ሳይ ሳቄን ዋጥኩት።

«ቤዝቦል እኮ ነው አባዬ! ስለ ተጫዋች ነው፣ እኔ ልሙት!»

«ተጫዋች ደግሞ ሽማግሌ አለው?»

ሮጬ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት። ደግነቱ ጨዋታው ተጀምሯል። ትንሽ ቆይቶ ሽማግሌው ዱላውን ይዞ እየተጎተተ ብቅ አለ። ኳሷን አንዴ ሳተ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፤ አንገቱን ደፍቶ ወደ መቀመጫው ተመለሰ። አባቴ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ በጥሞና ተከታተሉት።

«ይኸ ነው?»

«ይኸ ነው።»

«ስንት ይከፍሉታል?»

ነገርኳቸው። ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩ።

«ታዲያ የእኔ ወጪ ምኑ ነው?» አሉ። ቀጥለውም፣ «ለወንድምሽ ደውዪና ሽማግሌው የትም አይሄድም በይው» አሉኝ።

ደወልኩና የሆነውን ሁሉ አጫወትኩት። ወንድሜ በሳቅ ፈረሰ።

«እና የትኛው ሽማግሌ ነው የማይሄደው?»

ዞር ብዬ አባቴን አየሁ። እጃቸው የሻንጣው ዘለበት ላይ ነው። አልከፈቱትም፤ መልሴን ይጠብቃሉ።

«ሁለቱም» አልኩት።

ዘለበቱ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

«የዚያን ሰውዬ ነገር እንኳ» አሉ አባቴ ሸሚዛቸውን ከሻንጣው እያወጡ፣ «ተነጋገሩበት።»