ርካሹ ኤስኤስዲ ሲጫንበት

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለ የኮምፒውተር ሱቅ ገባን። ወንድሜ ሰርግና የመዘምራን ፕሮግራም ይቀርጽ ነበር። የዓመታት ሥራው ያለበት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል። ሳይሞት ኤስኤስዲ ወደሚባለው ፈጣን ማከማቻ መገልበጥ ነበረብን። ዲስኩን ማለቴ ነው።

ሻጩ ርካሹን ኤስኤስዲ ላፕቶፑ ላይ ሰካና የፍጥነት መለኪያውን ከፈተ። በሴኮንድ አምስት መቶ ሜጋባይት አለ። እኔ ደስ አለኝ። ወንድሜ ግን ትልቁን ቁጥር በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ከታች ያለችውን ትንሽ ቁጥር አሳየኝ። ኮምፒውተሩ ጥቃቅን ፋይሎችን የሚያነሳው በዚያች ፍጥነት ነው፣ ትልቁ ለማሳመሪያ ነው አለኝ። ከዚያ ሻጩን ምን ያህል ትልቅ ፋይል ጭኖ እንደለካው ጠየቀው። በአንድ ጊጋባይት ነበር።

"አህያ ሳትጫን ብትሮጥ ምን ይገርማል?" አለው። "የአንድ ሰርግ ቀረጻ ሙሉውን ጫንባት።"

"ጋሼ፣ ልትገዛ ነው የመጣኸው ወይስ ልትፈርድ?"

ሁለቱም ሳቁ። ሻጩ ግን አልጫነባትም። ቤት ወስደን እንድንሞክረውና ካልሆነ እንድንመልሰው ቶሎ ተስማማ። ቶሎ መስማማቱ ራሱ አጠራጠረኝ።

በመንገድ ላይ ወንድሜ አስረዳኝ። ርካሾቹ ውስጥ ትንሽ ፈጣን ቦታ አለች፤ እሷ ስትሞላ እውነተኛው ፍጥነት ይወጣል። ዝግ ማለት ነውር አይደለም አለ። የፈራው ሌላ ነው። የሌላቸውን ስፋት አለን የሚሉ ዲስኮች አሉ። የሰጠሃቸውን ሁሉ ይቀበላሉ፤ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ውስጡ ግን የለም።

"ስሙን አይተህ አትመን" አለኝ። "እያንዳንዱን ግባበት።"

አመሻሹ ላይ ካሜራውን በሞተር ይዞ ለማግስቱ ሰርግ ወደ ቦምቤ ሄደ። እኔ ግልበጣውን ጀመርኩ። እንዳዘዘኝ ፍጥነቱን ደብተር ላይ ጻፍኩ። አሮጌው ከመቶ በላይ መስጠት ስለማይችል እዚያው አካባቢ ቆየ። በኋላ አርባ ሆነ። አዲሱ ደክሟል ማለት ነው።

ያን ጊዜ አጎቴ ደወለ። ወንድምህ ከሞተር ወድቆ ትንሽ ተጎድቷል፣ ኦቶና ሆስፒታል ነን፣ ና አለኝ። "ትንሽ" የሚለውን አላመንኩም። እኛ ዘንድ ሞትን በስልክ የሚናገር የለም። አለማመኔ ልክ ነበር።

ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ። አጎቴ ለለቅሶው የሚሰቀል ፎቶ እንድፈልግ ነገረኝ። አሮጌው ዲስክ አልነሳ አለ። ደጋግሜ ሰካሁት። ዝም። አዲሱ ላይ ግልበጣው አልቆ ስሞቹ በሙሉ ተደርድረዋል። አላመንኳቸውም። አንዱን ከፈትኩ። ሙሽሮች አሉ፣ ወንድሜ የለም። ሌላውን ከፈትኩ። መዘምራን። እዚያም የለም። ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ነበር። የቀረው ድምፁ ብቻ ነው። በየቀረጻው መጀመሪያ ላይ "በሉ፣ ወደ እኔ እዩ" ይላል።

አጎቴ በሩ ላይ ቆመ።

"ሰው ድንኳን ሞልቶ ተቀምጦ አንተ ቪዲዮ ታያለህ? መታወቂያውን ስጠኝ፣ ፎቶው ከእሱ ይነሳል። አንተ ውጣ።"

መታወቂያውን ሰጠሁት። አልወጣሁም። የትኛው ባዶ እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት እወጣለሁ?

እናቴ የልጇን ድምፅ ከቪዲዮው ሰምታ ገባች። አልጮኸችም። አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቪዲዮው ሲያበቃ በወላይትኛ "ሌላውስ አለ?" አለችኝ።

"ገና አላውቅም፣ እማ።"

ቀጣዩን ነካሁት። ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ድምፁ መጣ።

ወደ ቀብር ተነሱ እስክንባል ድረስ አንድ በአንድ አዳመጥን። አንዱ አልከፈት አለ። ስሙን ደብተሩ ላይ ጻፍኩና ወጣሁ።