አባዬ ወደ ውስጥ የሳበው ትንፋሽ

ይህ የሆነው ባለፈው ሚያዝያ ነው። የአባዬን ቀኝ እጅ ባየሁ ቁጥር ስለሚመጣብኝ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ሲያትል ነው የምንኖረው፤ አሥረኛ ክፍል ነኝ። ትምህርት ቤታችን የሮኬት ክበብ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብለን ክንድ የሚያህሉ ሮኬቶች እናስወነጭፋለን። የእኔ ሥራ መተኮሻ ሳጥኑ ነበር፦ ቁልፍ ይገባል፣ ሽቦው ከተያያዘ መብራት ይበራል፣ ተቆጥሮ በተኑን መጫን ነው። አባዬ ሲታክ አየር ማረፊያ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል። ቅዳሜ እረፍቱ ስለሆነ ማስወንጨፊያው ጋ ሽቦ ያያይዝልናል። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ "የጠፈር ሠራተኛ ሆኛለሁ" እያለ ያስቃል።

አንድ ሕግ አለን። ወደ ማስወንጨፊያው የሚሄድ ሰው ቁልፉን ኪሱ ከቶ ይሄዳል።

የዚያን ቀን ሮኬቴ አልነሣ አለ። አባዬ ሽቦውን ሊያይ ተነሣ። ዝናብ እየመጣ ነበር፤ ቸኮልኩ።

"ቁልፉስ?" አለኝ።

"ነቅዬዋለሁ፣ ኦኬ? ሂድ በቃ!"

አልነቀልኩም ነበር።

ዓይኔን ሳጥኑ ላይ ተክዬ ጠበቅኩ። መብራቱ በራ። በምንነጋገርበት የእጅ ሬዲዮ "አባዬ፣ ጨረስክ?" አልኩት። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ሲያደርግ ሰማሁ። እኛ ቤት ደግሞ "አዎ" የሚባለው እንደዚያ ነው። ሶ፣ ቀና ብዬ ሳላይ፣ ሳልቆጥር ተጫንኩት።

ለካ የሽቦው መቆንጠጫ ጣቱን ነክሶት ነው።

ሮኬቱ ተተኮሰ። አባዬ ጭቃው ላይ በጀርባው ወደቀ። እየጮኽኩ ስደርስ የእጁ ጀርባ ተልጦ ቀልቷል።

"ወጣ ወይ?" አለኝ። ሮኬቱን ነው።

አስተማሪያችን ሮጣ መጥታ ቁልፉ ማን ጋ እንደነበር ጠየቀች። አባዬ በእንግሊዝኛ "የኔ ጥፋት ነው፤ መያዝ ረሳሁ" አላት። እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ማስወንጨፊያው ጋ እንዳይደርስ ተከለከለ። ቅዳሜ ያደርሰኛል፣ ሜዳው ዳር ፓርክ ያደርጋል፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ አንገቱን አስግጎ ያያል።

በሦስተኛው ቅዳሜ አላስቻለኝም፤ ለአስተማሪዋ እውነቱን ነገርኳት። ሳጥኑን ወሰደችብኝ፣ አባዬንም ወደ ሽቦው መለሰችው። እሱ ሲሰማ "እንዴ ማሚ፣ ውሸታም አደረግሽኝ እኮ!" ብሎ ሳቀ።

መመለሱ በጣም ደስ ብሎኛል። ለእጁ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ "ተይው፣ ድኗል" አለኝ። መኪና ውስጥ ብቻውን ለተቀመጠባቸው ቅዳሜዎች ግን እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኩትም።