ፊታችንን ወደ ግድግዳ ያዞርንበት ጠዋት

ያስገቡኝ ቀን ክፍሉ ውስጥ ሰው መኖሩን ያወቅኩት በትንፋሹ ነው። ከውጭ ብርሃን የመጣ ዓይኔ ምንም አያይም ነበር። በሩ ከኋላዬ ተቆለፈ፤ እንደቆምኩ ቀረሁ። ከጨለማው ውስጥ አንድ እጅ ቀሚሴን ጎተተና «እዚህ ጋ ተቀመጪ፣ ሰው እንዳትረግጪ» አለኝ። ቀስ እያለ ፍራሽ ታየኝ፣ ፌስታል ታየኝ፣ የሴቶች ፊት ታየኝ። መጨረሻ ላይ የታየኝ በጋቢ ተጠቅልሎ እናቱ ጭን ላይ የተኛ ሕፃን ነው። ወይ ጉድ፣ ይሄ ደግሞ ምን አጥፍቶ ነው? አልኩ በልቤ።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። የታሰርኩት በጻፍኩት ነገር ነው፤ ስለሱ ዛሬ ብዙ የምለው የለኝም። ሴቶቹ «ቲቸር» ይሉኝ ጀመር። የሕፃኑ እናት ሾላ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ልጅ እግር ሴት ናት። ባሏን ሊይዙ መጡ፤ ሲያጡት እሷን ከነአራስ ልጇ ይዘዋት ሄዱ።

ቦታው የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ሥር ነበር። ማለዳ ከእንጦጦ ማርያም በኩል ጭጋግ ይወርዳል፤ የባሕር ዛፍ ሽታ በበሩ ሥር ሾልኮ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ሁሉ አንድ ነው። ተኝተን ይሁን ነቅተን ለይተን አናውቅም። አንዷ ስለ ቤቷ በረንዳ ማውራት ትጀምራለች፤ ስለታጠበ ልብስ፣ ስለሚያቃጥል ቆርቆሮ። መሃል ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ሌላዋ የራሷን በረንዳ ታስከትላለች። እስካሁን ሳስበው የትኛው በረንዳ የማን እንደነበር ይምታታብኛል።

ጭጋጉ ሲገፈፍ «ፀሐይ መሞቂያ» ይሉና በሩን ይከፍታሉ። ለጥቂት ደቂቃ ግቢው ውስጥ እንቆማለን። የሕፃኑ እናት ብቻ ልጇን ታቅፋ ውስጥ ትቀራለች።

ልጁ መቀመጥ በሚገባው ዕድሜ አልቀመጥ አለ። ሲጠባ ጭንቅላቱ በላብ ይርሳል። አንድ ቀን አናቱን ስዳስሰው እርግብግቢቱ ሰፊ ነው፣ ዙሪያው ገና አልጠናም። ደነገጥኩ። ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነገር ነው! ሰውነታችን ቫይታሚን ዲን የሚሠራው ቆዳችን ፀሐይ ሲያገኝ ነው፤ እሱ ከጎደለ የሕፃን አጥንት አይጠናም፣ መሄድ ሲጀምር እግሩ ይጎብጣል።

«ይሄ ልጅ ፀሐይ ያስፈልገዋል» አልኳት።

«በዚያች ትንሽ መስኮት ሥር አስተኛዋለሁ እኮ፣ ቲቸር።»

«በመስታወት ያለፈ ፀሐይ አይጠቅመውም። ውጭ፣ ልብሱን አውልቀሽ።»

«ራቁቱን? ያ ሁሉ ሴት እያየው? የሰው ዓይን ቢያርፍበትስ?»

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በዓይን አላምንም፣ ትዕግሥትም አልተሰጠኝም። «ልጁን የሚበላው ዓይን አይደለም፣ ጨለማው ነው!» ብዬ ጮህኩባት።

አልተቆጣችም። «አይፍረዱብኝ» አለች። «የመጀመሪያዬን ያጣሁት እንዲሁ ነው። አንዷ አየችውና ‹እንዴት ያምራል› አለች። ሳምንት ሳይሞላው…» ጋቢውን የልጁ ፊት ላይ ሳብ አደረገች።  

ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉም ፈዞ ሲያንጎላጅ፣ ተጠግቼ «ማንም ባያየውስ?» አልኳት።

«እንዴት ተደርጎ?»

«እኛ ፊታችንን አዙረን እንቆማለን።»

አንዷ እስረኛ ከተኛችበት ሳቀች። «ኧረ በፈጠራችሁ! ‹ወደ ግድግዳ ዙሩ› እየተባልን ስንማረር፣ አሁን ደግሞ በገዛ ፈቃዳችን!» ሳቁ ከፍራሽ ወደ ፍራሽ ሄደ። እናትየው ግን አልሳቀችም፤ አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ «እሺ» አለች።

በማግስቱ በሩ ሲከፈት ወጥተን ግድግዳው ሥር ተደረደርን፣ ጀርባችንን ለፀሐይና ለልጁ ሰጥተን። የኖራው ግድግዳ ላይ ጥላችን እርስ በርሱ ተደርቧል። ጀርባዬ ሲሞቅ ዓይኔ ተከደነ፤ ከተራራው የሚመጣው የባሕር ዛፍ ሹክሹክታ ወሰደኝ፣ የት እንዳለሁ ረሳሁ። ከኋላችን ጋቢው ሲፈታ ተሰማ። ልጁ አስነጠሰ።

«እደግ!» አልን ሁላችንም፣ ለግድግዳው።

ያን ድምፅ የሰማችው ተረኛ ፖሊስ እየሮጠች መጣች። «ምንድነው ይሄ? ዙሩ!»

ማንም አልዞረም።

«አድማ መሆኑ ነው? ከነገ ጀምሮ ፀሐይ የሚባል ነገር የለም፣ ነግሬያችኋለሁ!»

 ልጁ ገና ዛሬ ያገኛትን ፀሐይ እኔ ላስከለክለው ነው። ብንዞርስ? እናትየው ልጇን ጠቅልላ ትገባለች፤ ሁለተኛም አታወጣውም። ፊቴን ከግድግዳው ሳላነሳ «አድማ አይደለም» አልኩ። «ልጁን ፀሐይ እያሞቅነው ነው።»

«እና ፊታችሁን ምን አዞረው?»

«እናቱ የሰው ዓይን ትፈራለች።»

 ፖሊሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔም እኮ እዚህ ቆሜአለሁ» አለች።

«አዎ» አልኳት። «ሳትዞሪ የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

አፌን ለምን አልያዝኩም ብዬ ተጨነቅሁ። አጠገቤ የቆመችው ሴት እጄን ያዘችኝ። ከዚያ «ቶሎ በይ፣ እንዳይበርደው» የሚል ሰማን። ፖሊሷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ ድምፅዋ ግን ፊቱን ወደ በሩ ካዞረ ሰው የሚመጣ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ እስክፈታ ድረስ በየጠዋቱ እንደዚያው አደረግን። የልጁን ገላ አንድም ቀን አላየሁትም።

ዛሬ መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። ቤቴ ሆኜ በኮምፒውተር ትምህርት አዘጋጃለሁ። መጋረጃዬን የምከፍተው አልፎ አልፎ ነው፤ ስወጣም ከደጃፌ ታክሲ ውስጥ፣ ከታክሲ ሕንፃ ውስጥ። በቅርቡ ወገቤና እግሬ አልታዘዝ ብለውኝ ስመረመር ሐኪሙ «ቫይታሚን ዲ በጣም አንሶዎታል። ፀሐይ አይሞቁም እንዴ?» አለኝ። ሳቅሁ፤ ሳቄ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተቀየረ። ማንም ሳይቆልፍብኝ! በዚያ ክፍል ስንመኘው የከረምነውን በረንዳ አግኝቼ ልብስ ብቻ አሰጣበታለሁ። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘልኝ፣ «በእግርዎ ይሂዱ» አለኝ።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ መገናኛ ወርጄ እስከ ሾላ ገበያ በእግሬ እሄዳለሁ። ባለፈው በበርበሬዎቹ መሃል ሳልፍ «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እሷ ናት። ከኋላዋ፣ በቀሚሷ ተሸፍኖ፣ አንድ ልጅ ቆሟል። ሳላስበው ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ።

የልጁን ክንድ ይዛ ወደ ፊት፣ የመደቧ ሸራ ወደማያጠላበት ቦታ አወጣችው።

«ይዩት» አለችኝ። «እርስዎ ይዩት።»

እግሩ ቀጥ ያለ ነው። እስክጠግብ አየሁት።