ምሰሶው የተቀመጠበት እሁድ

በዚያች የሀይቅ ዳር ከተማ ከቆሙት ነገሮች ሁሉ እንደ ፀጉር አስተካካዩ የቆመ አልነበረም። የመብራት ምሰሶ እንኳ ነፋስ ሲበረታ አንዳንዴ ጋደም ይላል፤ እሱ ግን ከጠዋት እስከ ማታ በሰው ጭንቅላት ዙሪያ ሲዞር ይውላል። ከአባቱ የወረሰው ቀይ የቆዳ ወንበር አለው፤ የሚሽከረከር፣ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ከንቲባውን ያስቀና ወንበር። ከተማው በሙሉ ተራ በተራ ተንደላቆበታል፣ ከባለቤቱ በስተቀር። «ደንበኛ በመስኮት አጮልቆ አስተካካዩን ተቀምጦ ካየው፣ እጁ ባይረባ ነው ብሎ ያልፋል» ይሉ ነበር አባቱ። ልጅም የአባቱን ቃል እንደ ኑዛዜ ጠብቆ፣ የባቱ ደም ሥሮች የገጠር መንገድ ካርታ እስኪመስሉ ድረስ ቆመ።

ሐኪሙ ሱሪውን አስጠቅልሎ ካርታውን አየና «ብስክሌት ንዳ» አለው። «ተቀምጠህ የምትሠራው ስፖርት እሱ ነው።»

ተቀምጦ የሚለውን ቃል ሲሰማ ጆሮው ቆመ። በዚያው ሳምንት የእሁድ ብስክሌተኞች ማኅበር አባል ሆነ። ምስኪን፣ ከድጡ ወደ ማጡ!

ማኅበሩ በየእሁዱ ጠዋት ሀይቁን ይዞራል። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ጠጠር የሚባለውም በይሉኝታ ነው እንጂ አንዳንዱ ድንጋይ በግ የሚያስጠልል ጥላ አለው። በሸንበቆ መሀል ይጀምርና በሽንኩርት ማሳዎች በኩል ይታጠፋል፤ አሣ አጥማጆች መረብ የሚያሰጡበትን ዳርቻ ታክኮ ያልፍና ኮረብታዎቹ ላይ ይወጣል። የመጀመሪያው ኮረብታ «እንዴት አደርክ» ይባላል፤ ለስላሳ ነው፣ ሰላም ብሎ ያሳልፋል። ሁለተኛው «እስቲ እናያለን» ነው። ሦስተኛዋ «አማት» ትባላለች። ምንም ብታደርግላት ደስ አይላትም። ቀጥ ብላ ትነሳለች፣ ጠጠሯ እንደ ሽምብራ ከጎማ ሥር ይንከባለላል፤ አለቀች፣ ተገላገልኩ ስትል ደግሞ ከጀርባዋ ሌላ ጉብታ ብቅ ታደርጋለች።

አማት አናት ላይ ሀይቁን ቁልቁል የምታይ ሻይ ቤት አለች። የማኅበሩ ሕግ የሚሠራው እዚያ ነው። አማትን ከብስክሌቱ ሳይወርድ የወጣ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ እየገፋ የወጣ ቆሞ ይጠጣል። አንዴ ወጥቶ ወንበር ያገኘ ግን ዕድሜ ልኩን ተቀማጭ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በመኪና ቢመጣም ጠያቂ የለውም።

ሕጉን ያወጡት ጎሚስታው ናቸው፤ ጎማ ሲነፉ ኖረው ያረጁ የማኅበሩ አባት። ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ዘንድሮ እሳቸው በመኪና ከሚመጡት ወገን ናቸው። ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ግን የያንዳንዱን ብስክሌት ጎማ በገዛ እጃቸው ይነፋሉ፣ ከዚያ በጣታቸው ነካ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። እንደ ከበሮ ካልጮኸ ማንም አይንቀሳቀስም። «ለስላሳ ጎማ የሰነፍ ትራስ ነው!» ይላሉ።

ፀጉር አስተካካዩ እንግዲህ ይህን ከበሮ እየጋለበ በየእሁዱ አማት ወገብ ላይ ይደርሳል፤ እዚያ የኋላ ጎማው ሽው ይልና በባዶ ይሽከረከራል፤ ወርዶ ይገፋል። ከዚያ ሻይ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆውን ማቀዝቀዣው አናት ላይ አስቀምጦ ቆሞ ይጠጣል። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ስሙ ተረስቶ «ምሰሶው» ቀረ። አንድ መንገደኛ በስህተት ጃኬቱን ሰቅሎበት ነበር ይባላል።

«አንተ ሰው» ትለዋለች ልብስ ሰፊ ሚስቱ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። «ልቀመጥ ብለህ ሄደህ ቆመህ ትመጣለህ። እቤት ስንት ወንበር አለ፣ ምን ጎደለህ?»

«የቤቱ ወንበር ላይ ማንም ይቀመጣል።»

እሷም መርፌዋን አቁማ አየችው።

ታዲያ አንድ ሰሞን ወሬ ተሰማ፤ መንገዱ አስፋልት ሊለብስ ነው። ወሬው ሳይበርድ ዳምጠው የሚባለው መንገድ ጠቅጣቂ መኪና መጥቶ አማት እግር ሥር ቆመ። ሰኞ ሥራ ይጀመራል፤ የአማት ወገብ ይቆረጣል፣ አናቷም ይላጫል። ጋሼ ማኅበሩን ሰብስበው አዋጅ አስነገሩ።

«አስፋልት ላይ የተገኘ ወንበር ወንበር አይደለም። በዚህ እሁድ በሩ ይዘጋል። የተቀመጠ ተቀመጠ፣ የቆመ እንደቆመ ይቀራል!»

በዚያ ሳምንት ምሰሶው እጁ ሥራ ላይ፣ ልቡ አማት ላይ ነበር። የከተማው ፂም ሁሉ በአንድ ጎን አጠረ። ሁለት ሙሽሮች የአንድ ሰው ጭንቅላት ይዘው ወጡ እየተባለ ተቀለደ። ማንም ግን አልተቆጣውም፤ ጉዳዩን ሁሉም ያውቃል።

እሁድ ጠዋት ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ሸራ ጫማ ስታደርግ አያት።

«ወዴት ነው?»

«ሻይ ቤቱ። አሣ ጫኙ መኪና ያወጣኛል።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ወይ ስትቀመጥ ላይህ፣ ወይ ቆመህ ስትቀር ልደገፍህ።»

ጋሼ የሱን ጎማ ሲነፉ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ለዛሬ ትንሽ ልመርቅልህ» አሉና ጎማው አለት እስኪሆን ነፉት። ከዚያ ፓምፑን ከነራሳቸው መኪና ውስጥ ከትተው ወደ ወንበራቸው ወጡ። ምሰሶው «እንዴት አደርክ» ላይ እንደ ፈንዲሻ ሲፈናጠር ሄደ፤ «እስቲ እናያለን» ላይ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ የሰሙ ዳክዬዎች ከሀይቁ ተነሱ። ቁልቁል ሲወርድ ግን ከኋላው ቀጭን ፉጨት ሰማ። ወርዶ ቢያይ ከመንገዱ ዳር አጥር የወደቀ እሾህ የኋላ ጎማው ውስጥ ተሰክቷል። ቢነቅለው ጨርሶ ይተነፍሳል፤ ቢተወው ቀስ እያለ ይተነፍሳል። ፓምፑ አማት አናት ላይ ነው። ጓደኞቹ ቀድመዋል።

መንገዱ ዳር ቁጢጥ ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። በኋላ ግን «እስከዛሬ በደህና ጎማ ወድቄያለሁ፣ ዛሬ በታመመ ጎማ ብወድቅ ምን ይለያል» አለና ወጣበት።

አማት ሥር ሲደርስ እንደሱው ቆማ የምትጠጣው የጂኦግራፊ መምህርት ክርኗን እያሻሸች ዳር ተቀምጣለች። ብስክሌቷ ጋደም ብሏል፤ ጎማው አሁንም በአየር ላይ ይሽከረከራል።

«እኔን እንደ ልማዷ ጣለችኝ» አለችው። ከዚያ የሱን ጎማ አየች። «ውይ! ጎማህ ሞቷል እኮ!»

«አውቃለሁ እህቴ። ቀብሩ ላይ ነው የምሄደው!»

አልቆመም። ጎማው ሁሌ የሚያዳልጥበት ወገቧ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ሽው የሚለውን ድምፅ ጠበቀ። አልመጣም። የለሰለሰው ጎማ ጠጠሩን እንደ ድመት መዳፍ እየተጫነ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ እያቀፈ ያልፋል። ዓይኑን ገለጠ። ትንፋሹ እንደ ወናፍ ይጮሃል፣ ጭኑ ይነድዳል፣ ላቡ አፍንጫው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ብስክሌቱ ግን ይወጣል። የመጨረሻው ጉብታ ብቅ ሲል ከላይ የሚያውቀው ድምፅ ወረደበት። ሚስቱ ጠረጴዛ ላይ ወጥታለች።

«ርገጥ! አንተ ሰው ርገጥ! ብትወርድ እቤት እንዳትመጣ!»

ረገጠ። አናቷ ላይ ወጣ፤ ቀድሞ ወረደ እንዳይባል ግን አልቆመም። የሻይ ቤቱን ደጃፍ አለፈ፣ በጠረጴዛዎቹ መሀል ሰነጠቀ፣ በመጨረሻ ማቀዝቀዣው ላይ ፊቱን አስደግፎ ቆመ። ሻይ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አሣ ጫኙ ጡሩምባውን ነፋ። የሀይቁ አሣዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን አወጡ ብለው የማሉ አሉ።

ጋሼ ግን ጎንበስ ብለው የኋላ ጎማውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ጣታቸው ሰመጠ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄ ጎማ ወርዷል! አይቆጠርም!»

«እንዴ ጋሼ!» አለች ባለሻይ ቤቷ፣ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች። «በወረደ ጎማ መውጣትማ እጥፍ ነው እንጂ!»

«እጥፍ ነው!» አለ ቤቱ በሙሉ።

ምሰሶው ትንፋሹን ሰብስቦ እጁን አነሳ። «የለም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ያወጣኝ መለስለሱ ነው። ጠጠሩን ያዘልኝ።»

«ትሕትናውን እዩልኝ!» አለ አንዱ፤ ጭብጨባው ባሰ። ወንበር መጣለት፣ መደገፊያ ያለው። ቀስ ብሎ፣ ውሃው ይሞቅ ይቀዝቅዝ እንደማያውቅ ሰው፣ ተቀመጠ። ጉልበቱ ሲታጠፍ ጧ አለ። ሚስቱ ፊቷን ወደ ሀይቁ አዙራ በመዳፏ ዓይኗን ጠረገች፤ አቧራ ነው አለች።

እየገፋች የደረሰችው መምህርት ብቻ ነገሩን እንደ ትሕትና አልሰማችውም። ብስክሌቷ ሥር ቁጢጥ አለች። ፍስስስ። ከጎማው አየር አውጥታ ቁልቁል ወረደች። ብዙም ሳትቆይ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ ኮርቻዋ ላይ እንደተቀመጠች አማት አናት ላይ ብቅ አለች። ከዚያማ ማን ይያዛቸው! ቆመው የኖሩት ሁሉ ብርጭቋቸውን ጥለው ጎማቸው ላይ ተረባረቡ፤ ሻይ ቤቷ የእባቦች ጉባኤ መሰለች። ጋሼ ገደሉ ጫፍ ወጥተው «ስንት ደክሜ የነፋሁትን! አየሬን! አየሬን!» እያሉ ጮሁ። ዳቦ ጋጋሪው ሁለቴ ወድቆ በሦስተኛው ወጣ፤ ሌሎቹም እየተከታተሉ ወጡ፤ ያልቀናቸውም ዳምጠውን እየተሳደቡ ዳግመኛ ወረዱ።

ጋሼ ጉሮሯቸው ደርቆ ሲመለሱ ወንበሮቹ አልቀዋል። በሳቸው ወንበር ላይ መምህርቷ እግሯን አጣምራለች። ወደ ምሰሶው ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለመሆኑ ምን ያህል ነው ያወረድከው?»

«እሾሁን ይጠይቁት ጋሼ።»

ሽማግሌው ሳይወዱ በግድ ሳቁ። ሻያቸውን ተቀብለው ቆመው ፉት አሉ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«ተነስላቸው እንጂ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ነውር ነው።»

«እነሳለሁ» አለ፣ ጀርባውን መደገፊያው ላይ እያመቻቸ።

«መቼ?»

«ነገ። ፀጉር ቤቱን ስከፍት።»